ክፍት የሆነ ሁሉ ይዋሐዳልን? ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ፈቃዶች ሕጋዊ መጣጣም

መግቢያ

በኮምፒዩተር የአማርኛ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ አንድ ትውልድ ጠንቅቆ የሚያውቀው ችግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ልዩ ልዩ ድርጅቶችና ግለሰቦች የሠሯቸው የግእዝ ፎንቶች ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት ወደሌለው ኮምፒዩተር ሲሄድ ወደማይነበብ የምልክት ክምር ይለወጥ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን በስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ለማሳተም የሚሄድ ተማሪ ፎንቱንም አብሮ ይዞ ለመሄድ ይገደድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግእዝን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓለም አቀፍ ቁጥር ተሰጠው፤ ችግሩም ቀስ በቀስ እየተቃለለ ሄደ።

ይሁን እንጂ ከዚያ የማይተናነስ ሌላ አለመጣጣም ዛሬም አለ። ይህኛው በዓይን አይታይም። ፕሮግራሙ ያለ ስሕተት ይሠራል፤ ፊደሉም በትክክል ይነበባል፤ ሕጉ ግን ሁለቱን ሥራዎች አዋሕዶ ማሠራጨትን ይከለክላል። የሁለቱም ሥራዎች ባለቤቶች ሥራቸውን ለሕዝብ ክፍት ያደረጉ ቢሆኑም እንኳ ክልከላው አይቀርም።

አንድ ጥያቄ እናንሳ። በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ማከማቻዎች ውስጥ ጎን ለጎን የሚገኙ ሁለት የግእዝ ፎንቶች ስብስቦች አሉ። አንደኛው የሰናምርምር ፕሮጀክት ያዘጋጀው የዋሽራ ስብስብ ሲሆን የተሠራጨው በጂ.ፒ.ኤል ፈቃድ ነው። ሁለተኛው አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል የተባለው ፎንት ሲሆን የተሠራጨው በኦ.ኤፍ.ኤል ፈቃድ ነው። ሁለቱንም ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምባቸው፣ ሊያጠናቸው፣ ሊያሻሽላቸውና ሊያሠራጫቸው ይችላል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከአንደኛው የወደዳቸውን ፊደላት ወስዶ ከሁለተኛው ፊደላት ጋር በማዋሐድ ሦስተኛ ፎንት ሠርቶ ማሠራጨት ይችላልን? መልሱ «አይችልም» ነው። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን እንመለከታለን። ጉዳዩ የአራት ኪሎውን የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ከስድስት ኪሎው የሕግ ትምህርት ጋር የሚያገናኝ በመሆኑ ከሁለቱም እየተዋስን እንሄዳለን።

ፈቃድ ለምን ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው «ደራሲው ምንም ካልተናገረ ሥራው የሁሉም ነው» ብሎ ያስባል። ሕጉ የሚለው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። በሀገራችን የደራሲ መብት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ በነበሩት ድንጋጌዎች ይገዛ ነበር። እነዚህ ድንጋጌዎች የወጡት የኮምፒዩተር ፕሮግራም የብዙ ሰው ጉዳይ ባልነበረበት ዘመን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከመጣጥፍ ጎን በግልጽ ዘርዝሮታል። አዋጁ ከጊዜ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል።

ከአዋጁ ለጉዳያችን የሚጠቅሙ አራት ነጥቦችን እንውሰድ። አንደኛ፣ ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ምዝገባም ሆነ ማስታወቂያ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ሥራውን የማባዛት፣ የመተርጎም፣ አሻሽሎ ወደ ሌላ ሥራ የመለወጥና ለሕዝብ የማሠራጨት መብት የባለመብቱ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ሐሳብ፣ ዘዴና የአሠራር ሥርዓት ጥበቃ አይደረግላቸውም፤ የሚጠበቀው ሐሳቡ የተገለጸበት መንገድ ነው። አራተኛ፣ ደራሲው የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ የሞራል መብት አለው።

ከእነዚህ ነጥቦች አንድ ድምዳሜ ላይ እንደርሳለን። ፈቃድ ያልተጻፈበት ፕሮግራም ዝግ ፕሮግራም ነው። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን ምንጭ ኮድ ኢንተርኔት ላይ ቢያኖርና የፈቃድ ጽሑፍ ባያያይዝ፣ ሌላው ሰው ኮዱን ማየት ይችላል እንጂ አሻሽሎ የማሠራጨት መብት የለውም። የክፍት ምንጭ ፈቃድ የሚባለውም ባለመብቱ ለብቻው ከያዛቸው መብቶች መካከል አብዛኛዎቹን «እነዚህን ግዴታዎች እስካከበርህ ድረስ ለአንተም ፈቅጃለሁ» ብሎ ለሕዝብ የሚሰጥበት ጽሑፍ ነው። ግዴታዎቹ ካልተከበሩ ፈቃዱ ቀሪ ይሆናል፤ ፈቃዱ ቀሪ ሲሆን ደግሞ ድርጊቱ ወደ ተራ የቅጂ መብት ጥሰት ይመለሳል።

ይህ ድምዳሜ በፍርድ ቤት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን የሙኒክ ፍርድ ቤት የጂ.ፒ.ኤል ግዴታዎችን ሳያከብር የሊኑክስን ክፍል ባሠራጨ ኩባንያ ላይ የዕግድ ትእዛዝ አጽንቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ጃኮብሰን ካትዘርን በከሰሰበት ጉዳይ፣ ያለ ክፍያ የተሰጠ ሥራም ቢሆን የፈቃዱን ቅድመ ሁኔታዎች የጣሰ ሰው በቅጂ መብት ጥሰት ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኗል። «በነጻ ያገኘሁት ነው» የሚለው መከራከሪያ እንግዲህ አያድንም።

ሦስቱ የፈቃድ ቤተሰቦች

የክፍት ምንጭ ፈቃዶች ቁጥራቸው ብዙ ቢሆንም በሚጥሉት ግዴታ መጠን በሦስት ቤተሰቦች ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ቤተሰብ የልል ፈቃዶች ነው። የኤም.አይ.ቲ፣ የቢ.ኤስ.ዲ እና የአፓቺ ፈቃዶች ከዚህ ይመደባሉ። ዋናው ግዴታቸው የባለመብቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ጠብቆ ማቆየት ነው። ተቀባዩ ሥራውን አሻሽሎ ምንጭ ኮዱን ሳይገልጥ እንኳ ሊያሠራጭ ይችላል። በግእዝ ፊደል ለመጻፍ በስፋት የምንጠቀምበት የኪማን ፕሮግራም በኤም.አይ.ቲ ፈቃድ የሚሠራጭ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ዲጂታል ማኅደር የተገነባበት ዲስፔስ ደግሞ የቢ.ኤስ.ዲ ፈቃድ አለው።

ሁለተኛው ቤተሰብ ኮፒሌፍት ይባላል። ግንባር ቀደሙ የጂ.ፒ.ኤል ፈቃድ ሲሆን ሁለተኛው ዕትሙ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ሦስተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል። የኮፒሌፍት ሐሳብ «እንደ ተቀበልህ ስጥ» የሚል ነው። የተሻሻለውን ሥራ ለሌላ ሰው የሚያሠራጭ ሁሉ ምንጭ ኮዱን ጭምር በዚያው ፈቃድ መስጠት አለበት። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጋሰር ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ቃላትን ወደ ሥርና ቅጥያ የሚተነትን ሲሆን የተሠራጨው በጂ.ፒ.ኤል 3 ነው።

ሦስተኛው ቤተሰብ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ደካማ ኮፒሌፍት ይሉታል። የሞዚላ ፈቃድ ሁለተኛ ዕትም የዚህ ምሳሌ ነው። ይህ ፈቃድ ግዴታውን የሚጥለው በፋይል ደረጃ ነው፤ የተሻሻለው ፋይል ክፍት እንደሆነ ይቆያል፤ አጠገቡ የተጨመረ አዲስ ፋይል ግን የራሱን ፈቃድ ሊይዝ ይችላል። የሀገራችን ብሔራዊ መታወቂያ ፋይዳ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለ መድረክ የተሠራጨው በዚሁ የሞዚላ ፈቃድ ነው። አንድ ሀገር ዋናውን መድረክ ተቀብሎ ለራሱ ሕግና ቋንቋ የሚስማሙ ክፍሎችን በሚጨምርበት ሥራ እንዲህ ያለው መካከለኛ ፈቃድ ምን ያህል አመቺ እንደሆነ ማስተዋል አያዳግትም።

መጣጣም ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። ሁለት ፈቃዶች ይጣጣማሉ የምንለው በሁለቱ ሥር የተሰጡትን ሥራዎች አዋሕዶ፣ የሁለቱንም ግዴታዎች በአንድ ጊዜ ፈጽሞ፣ ውሑዱን ሥራ ማሠራጨት ሲቻል ነው። ጉዳዩን በሒሳብ ቋንቋ ብንገልጸው እያንዳንዱ ፈቃድ አንድ የግዴታዎች ስብስብ ነው። ውሑዱ ሥራ የሁለቱን ስብስቦች ድምር ይሸከማል። በድምሩ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ግዴታዎች ከተገኙ ሁሉንም መፈጸም አይቻልም፤ ፈቃዶቹም አይጣጣሙም።

ቅራኔው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከኮፒሌፍት ነው። ልል ፈቃድ «ስሜን አትሰርዝ» ይላል። ሌላውም እንዲሁ «ስሜን አትሰርዝ» ይላል። ሁለቱንም ስም መጻፍ ስለሚቻል ቅራኔ የለም። አንዱ ኮፒሌፍት «መላው ሥራ በእኔ ፈቃድ ብቻ ይሠራጭ» ሲል ሌላውም «መላው ሥራ በእኔ ፈቃድ ብቻ ይሠራጭ» ሲል ግን አንዱን የፈጸመ ሌላውን ይጥሳል። ሁለቱም ለነጻነት የቆሙ ናቸው፤ አብረው ግን አይቆሙም።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር መጣጣም አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው። በኤም.አይ.ቲ የተሰጠ ኮድ ወደ ጂ.ፒ.ኤል ፕሮግራም ሊገባ ይችላል፤ ውሑዱም በአጠቃላይ በጂ.ፒ.ኤል ይሠራጫል። በተቃራኒው የጂ.ፒ.ኤልን ኮድ ወስዶ «ይህ ፕሮግራም እንዳለ በኤም.አይ.ቲ ተሰጥቷል» ማለት አይቻልም። እንደ ዓባይ ውኃ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከታች ወደ ላይ አይወጣም። ግዴታ ያነሰበት ሥራ ግዴታ ወደበዛበት ይፈስሳል። ስለዚህ «ሀ ከለ ጋር ይጣጣማል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ሀ ወደ ለ ሊገባ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቅራኔ በሚያስገርም ሁኔታ በልል ፈቃድና በኮፒሌፍት መካከልም ሊፈጠር ይችላል። ጂ.ፒ.ኤል 2 ተቀባዩ ላይ ከራሱ በላይ ተጨማሪ ገደብ እንዳይጣል ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአፓቺ ፈቃድ ሁለተኛ ዕትም ደግሞ በሥራው ምክንያት የፓተንት ክስ የሚመሠርት ሰው የተሰጠው የፓተንት ፈቃድ እንዲቋረጥበት ይደነግጋል። ይህ ተጨማሪ ገደብ ስለሆነ የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የአፓቺ ኮድ ከጂ.ፒ.ኤል 2 ጋር እንደማይጣጣም አስታውቋል። ጂ.ፒ.ኤል 3 ሲዘጋጅ እንዲህ ያሉ የተወሰኑ ተጨማሪ ድንጋጌዎችን የሚቀበል አንቀጽ ስለተጨመረበት የአፓቺ ኮድ ወደ ጂ.ፒ.ኤል 3 መግባት ይችላል። እንግዲህ አንዲት የዕትም ቁጥር ልዩነት ታመጣለች ማለት ነው።

ከዚህም የተነሳ «ዕትም 2 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ማንኛውም ዕትም» የምትለው አጭር ሐረግ ትልቅ ክብደት አላት። ይህች ሐረግ የተጻፈችበት የጂ.ፒ.ኤል 2 ሥራ ወደ ጂ.ፒ.ኤል 3 ሊሸጋገር ይችላል። የሊኑክስ ከርነል ግን «ዕትም 2 ብቻ» የሚል ስለሆነ የጂ.ፒ.ኤል 3 ኮድ ሊገባበት አይችልም። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ሳሉ አይጣጣሙም።

የግእዝ ፎንቶች ጉዳይ

በመግቢያችን ወዳነሳነው ጥያቄ እንመለስ። ፎንት ተራ ሥዕል አይደለም። የፊደላቱን ቅርጽ በሒሳብ ኩርባዎች የሚገልጽና ለኮምፒዩተሩ መመሪያ የሚሰጥ ፋይል በመሆኑ እንደ ሶፍትዌር ፈቃድ ይሰጥበታል። ኦ.ኤፍ.ኤል ለፎንት ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ፈቃድ ነው፤ አሁን የሚሠራበት 1.1 ዕትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዋና ዋና ግዴታዎቹ ሦስት ናቸው። ፎንቱ ለብቻው ተነጥሎ አይሸጥም። ባለቤቱ ስም ካስያዘ የተሻሻለው ፎንት በዚያ ስም አይጠራም። ፎንቱም ሆነ ከእርሱ የተገኘው ሥራ ሙሉ በሙሉ በዚሁ ፈቃድ ይሠራጫል እንጂ በሌላ ፈቃድ አይሠራጭም።

ሦስተኛውን ግዴታ ከጂ.ፒ.ኤል ጋር እናስተያየው። ከዋሽራና ከአቢሲኒካ የተዋሐደው ፎንት በጂ.ፒ.ኤል ካልተሠራጨ የዋሽራን ፈቃድ ይጥሳል። በጂ.ፒ.ኤል ከተሠራጨ ደግሞ የአቢሲኒካን ፈቃድ ይጥሳል። መውጫው የባለመብቶችን ልዩ ስምምነት ማግኘት ብቻ ነው።

ሲጣጣም የሚሆነውንም እንመልከት። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር ቴክ በተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ የሚሠሩ የግእዝ ፊደላትን አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጂ.ፒ.ኤል አሠራጭተው ነበር። ፍሪፎንት የተባለው የግኑ ፕሮጀክት የዓለምን ፊደላት በአንድ ለማሰባሰብ ሲነሳ የእርሱም ፈቃድ ጂ.ፒ.ኤል ስለነበረ የሐምቡርጉን ሥራ ወደ ዘመናዊ ቅርጽ ለውጦ የግእዙን ክፍል ሊያሟላበት ቻለ። የእነዚያ ሰዎች ድካም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተወስኖ ሳይቀር ወደ ሌላ ትውልድ ተሻገረ። ይህን ያስቻለው ከሠዓሊነት ችሎታው ባልተናነሰ የፈቃዱ መጣጣም ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። የጉግል ኖቶ ፎንቶች፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ጭምር፣ መጀመሪያ የተሠራጩት በአፓቺ ፈቃድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ፈቃዳቸው ወደ ኦ.ኤፍ.ኤል ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የወጣው የኖቶ ሥራ ኦ.ኤፍ.ኤል ከያዙት ከአቢሲኒካና ከመሳሰሉት ጋር ሊዋሐድ የሚችል ሆነ። ባለመብት ፈቃዱን ለወደፊቱ ሊለውጥ ይችላል፤ ቀድሞ በአፓቺ የተሰጠው ዕትም ግን ለተቀበሉት ሰዎች እንደ ተሰጠ ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ሥጋት ማስወገድ ይገባል። በኦ.ኤፍ.ኤል ፎንት መጽሐፍ ቢጻፍ መጽሐፉ ኦ.ኤፍ.ኤል አይሆንም፤ ፈቃዱ ይህን በግልጽ ይናገራል። በጂ.ፒ.ኤል ፎንት ረገድ ግን ፎንቱ በሰነዱ ፋይል ውስጥ ሲካተት ጥያቄ ሊነሳ ስለሚችል፣ የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሰነዱን ከግዴታው ነጻ የሚያደርግ ልዩ የፎንት ድንጋጌ አዘጋጅቷል። ፍሪፎንት ይህን ድንጋጌ ይዟል። ድንጋጌውን መጨመር የሚችለው ግን ባለመብቱ ብቻ ነው።

አንድ ፕሮጀክት በተግባር

ትምህርቱን በምሳሌ እናጠናክረው። አራት ተማሪዎች የአማርኛ ፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ሊሠሩ ተነሱ እንበል። ቃላቱን ለመተንተን ሆርንሞርፎን፣ ለመጻፊያ የኪማንን የቁልፍ ሰሌዳ፣ ለማሳያ አቢሲኒካን፣ ለመፈተኛ ደግሞ ከአማርኛ ዊኪፒዲያ የተወሰዱ ዓረፍተ ነገሮችን ይፈልጋሉ።

ሆርንሞርፎ በጂ.ፒ.ኤል 3 የተሰጠ ኮፒሌፍት ስለሆነ የሚወስነው እርሱ ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚዋሐደው ፕሮግራም ሲሠራጭ በጂ.ፒ.ኤል 3 ይሠራጫል። የኪማን ቁልፍ ሰሌዳ በኤም.አይ.ቲ የተሰጠ ስለሆነ የባለመብቱ ማስታወቂያ ተጠብቆ ይገባል። አቢሲኒካ ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ጥቅል ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ከኮዱ ጋር ስለማይዋሐድ ችግር የለበትም፤ ኦ.ኤፍ.ኤል ፎንትን ከማንኛውም ሶፍትዌር ጋር አብሮ ማሠራጨትን ይፈቅዳል። ዊኪፒዲያ እ.ኤ.አ. በ2009 ዋና ፈቃዱን ከግኑ የሰነድ ፈቃድ ወደ ክሪኤቲቭ ኮመንስ አዛውሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ወደዚሁ ፈቃድ 4.0 ዕትም ተሸጋግሯል። ክሪኤቲቭ ኮመንስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባስታወቀው መሠረት በዚህ 4.0 ዕትም የተሰጠ ሥራ ወደ ጂ.ፒ.ኤል 3 ሊገባ ይችላል፤ ከጂ.ፒ.ኤል 3 ግን ወደ እርሱ አይመለስም። እንግዲህ አራቱም ይገጥማሉ፤ ውጤቱም የጂ.ፒ.ኤል 3 ፕሮግራም ነው።

አሁን ከተማሪዎቹ አንዱ «ጂ.ፒ.ኤል 2 ብቻ» የሚል አሮጌ የፍለጋ ኮድ አምጥቶ ሊጨምር ቢል ሕንጻው ይናዳል። ኮዱ ይሠራል፤ ፕሮግራሙም ይፈጥናል፤ ነገር ግን ውሑዱን ማሠራጨት አይቻልም። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ማወቅና በምረቃው ዋዜማ ማወቅ ምን ያህል እንደሚለያዩ ለተማሪ መንገር አያሻም።

ከዚህ ላይ ሁለት ልዩነቶችን እንያዝ። የመጀመሪያው፣ ጎን ለጎን መቀመጥ መዋሐድ አይደለም። በአንድ ሲዲ ወይም በአንድ ማከማቻ ውስጥ የማይጣጣሙ ፈቃዶች ያሏቸው ሥራዎች ሊገኙ ይችላሉ፤ ዋሽራና አቢሲኒካ በአንድ ማከማቻ የኖሩትም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ የጂ.ፒ.ኤል ግዴታ የሚነሳው በማሠራጨት ነው። በራስ ኮምፒዩተር ላይ ለጥናት አዋሕዶ መሞከርን አይከለክልም። ኤ.ጂ.ፒ.ኤል የተባለው ዘመዱ ግን የተሻሻለውን ፕሮግራም በኔትወርክ ለሚጠቀሙ ሰዎችም ምንጭ ኮዱ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

አለመጣጣም ሲያጋጥም

አለመጣጣም የመንገዱ መጨረሻ አይደለም፤ አራት መውጫዎች አሉ። አንደኛው ባለመብቱን ጠይቆ ተጨማሪ ፈቃድ ማግኘት ነው። ሁለተኛው የማይጣጣመውን ክፍል በሌላ መተካት ወይም አዲስ መጻፍ ነው፤ ሐሳብና ዘዴ ጥበቃ ስለማይደረግላቸው ያንኑ ተግባር በራስ ኮድ መፈጸም ይቻላል። ሦስተኛው ክፍሎቹን በእውነት ወደ ተለያዩ ፕሮግራሞች መለየት ነው። አራተኛው ባለመብቱ ራሱ ፈቃዱን እንዲለውጥ ማድረግ ነው።

አራተኛው መንገድ ረጅም ሊሆን ይችላል። ቀደምቱ የቢ.ኤስ.ዲ ፈቃድ በማስታወቂያ ጽሑፍ ሁሉ ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም እንዲጠቀስ የሚያስገድድ አንቀጽ ስለነበረው ከጂ.ፒ.ኤል ጋር አይጣጣምም ነበር፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንቀጹን የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል የተባለው የምስጠራ ፕሮግራምም ተመሳሳይ አንቀጽ ስለነበረው ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 3.0 ዕትሙ ወደ አፓቺ ፈቃድ ተዛውሯል። ቪ.ኤል.ሲ የተባለው የፊልም ማጫወቻ የውስጥ ክፍሎቹን ፈቃድ ለመለወጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ደራሲያንን አንድ በአንድ ፈልጎ ማስፈቀድ ነበረበት። በጋራ የተሠራ ሥራ በጋራ ስምምነት እንጂ በአንድ ሰው ውሳኔ ፈቃዱ አይለወጥምና።

ለተማሪው የሚሆኑ ምክሮች

ከሁሉ በፊት ፈቃድ መጻፍ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሌለው ሥራ ደራሲው ከሀገር ሲወጣ ወይም አድራሻው ሲጠፋ አብሮት ይጠፋል፤ ፈቃዱን የሚሰጥ ሰው የለምና። ቀጥሎ የታወቀ ፈቃድ መምረጥ ይገባል። የራስን ፈቃድ መጻፍ የሚያኮራ ቢመስልም ከማንም ጋር የማይጣጣም ደሴት ይፈጥራል። ሦስተኛ፣ ሥራው ወደየት እንዲፈስስ እንደሚፈለግ ማሰብ ነው። በሁሉም ዘንድ እንዲገባ የሚፈለግ የቃላት ዝርዝር ልል ፈቃድ ቢይዝ ይሻላል፤ ላውንችፓድ የተባለው መድረክ ትርጉሞችን በቢ.ኤስ.ዲ ፈቃድ የሚቀበለው አንዱ ትርጉም ለብዙ ፕሮግራሞች እንዲያገለግል ነው። ወደ ዝግ ምርት እንዳይገባ የሚፈለግ ፕሮግራም ደግሞ ኮፒሌፍት ቢይዝ ይመረጣል። አራተኛ፣ የእያንዳንዱን የተወሰደ ክፍል ስም፣ ባለመብት፣ ፈቃድና የዕትም ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ መመዝገብ ነው። በመጨረሻም ባለመብቱ ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ ለአሠሪው የሠራው ሥራ መብት ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነውና።

ለመለማመጃ

1. የኤም.አይ.ቲ ፈቃድ ያለው ኮድ ወደ አፓቺ ፕሮግራም ሊገባ ይችላልን? ይችላል፤ የባለመብቱ ማስታወቂያና የፈቃዱ ጽሑፍ ይጠበቃል።

2. የሆርንሞርፎን አንድ ፋይል ያካተተ ፕሮግራም እንዳለ በኤም.አይ.ቲ ፈቃድ ሊሠራጭ ይችላልን? አይችልም፤ ውሑዱ በጂ.ፒ.ኤል 3 መሠራጨት አለበት።

3. በአቢሲኒካ ፎንት የታተመ መጽሐፍ ሊሸጥ ይችላልን? ይችላል፤ የማይሸጠው ፎንቱ ለብቻው ነው።

4. ሁለት ተማሪዎች በጋራ ከሠሩት ፕሮግራም አንዱ ብቻውን ፈቃዱን ሊለውጥ ይችላልን? አይችልም፤ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ክፍት መሆንና መጣጣም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አይተናል። መጣጣም የግዴታዎች አለመቃረን ነው፤ አቅጣጫም አለው፤ በዕትም ቁጥርና በአንዲት ሐረግ ይለወጣል። ለትልልቅ ቋንቋዎች አንድ ሥራ ከሌላው ጋር ባይጣጣም በምትኩ አሥር ሌሎች ይገኛሉ። ለግእዝ ፊደል ግን የፎንቱ፣ የተንታኙና የመዝገበ ቃላቱ ሠሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ የሠራውን ሌላው መቀጠል ካልቻለ ሁሉም ከሀ መጀመር ይኖርበታል። ዩኒኮድ የፊደሎቻችንን ቁጥር አንድ ሲያደርግ ያስወገደልንን መለያየት በፈቃድ ጽሑፍ መልሰን እንዳንፈጥረው፣ ከአንድ የጽሑፍ ፋይል የማያልፈውን ይህን ሥራ ኮዱ ከመጻፉ በፊት እንሥራው።